የእንጦጦ ሁለተኛ ረድፍ ሯጭ ስንት ያወጣል?

በአገራችን ስለ ሯጭ ገቢ ሲወራ ወሬው ሁልጊዜ የአንደኞቹ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስለገነባቸው ሕንፃዎችና ሪዞርቶች፣ ቀነኒሳ በቀለ ስለከፈተው ሆቴል ያልሰማ የለም። ጎህ ሳይቀድ በእንጦጦ ጋራ ላይ ከሚሮጡት መካከል ግን ከእነዚህ በታች፣ ከጀማሪው ደግሞ እጅግ በላይ የሆነ አንድ ረድፍ አለ። የዚህ ረድፍ ሰው ጎበዝ ነው፤ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ወይም ከ7 ደቂቃ ይጨርሳል፤ በውጭ አገር ጎዳና ላይ ስድስተኛ፣ ዘጠነኛ፣ አሥራ ሁለተኛ ይወጣል። ስሙ በቴሌቪዥን አንድ ጊዜ ይጠራና ይረሳል። ለመሆኑ ይህን ሰው በደመወዝ የያዘው ክለብ ኮንትራቱ ሲያልቅ ምን ማድረግ ይኖርበታል? ያድስለት ወይስ ያሰናብተው? ካደሰለትስ በስንት ብር?

ነገሩ የስፖርት ገጽ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው። በአትሌቲክሱ ስማቸው የሚነሳው ክለቦች፣ ማለትም ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ መቻል (የቀድሞው መከላከያ)፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ፌዴራል ማረሚያ ቤቶችና የመሳሰሉት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወይም የመንግሥት ድርጅቶች ያቋቋሟቸው ናቸው። የረጅም ርቀት ሩጫ እንደ እግር ኳስ ትኬት ተቆርጦ የሚታይ አይደለም። በመሆኑም ለሁለተኛው ረድፍ ሯጭ የሚከፈለው ደመወዝ ዞሮ ዞሮ ከሕዝብ ኪስ የሚወጣ ነው። ከሕዝብ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ ሒሳቡ ቢጠየቅ ነውር የለበትም።

ተተኪው ከኋላው እየሮጠ ነው

ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእንጦጦ ጋራ ለሯጭ የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ዛፉ ጥላ ይሆናል፤ አፈሩ ለጉልበት ከአስፋልት ይሻላል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱም አምሯል፣ ጎብኚውም በዝቷል። ቀድሞ ሯጩና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ይተላለፉበት የነበረው ዳገት ዛሬ የቡና መጠጫና የመዝናኛ ቦታ ሆኗል።

ለገበያው ዋናው ነገር ግን ከፍታው ሳይሆን ብዛቱ ነው። በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል በእግሩ የሚወጣው አለ፤ ከኮተቤ ተነስቶ በክለብ አውቶቡስ ወደ ሰንዳፋ የሚሄደው አለ፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚውለውም አለ። ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ክፍል ተከራይቶ፣ በሶ በጥብጦ የሚጠጣው ወጣት ወደዚህ ገበያ ለመግባት ፈቃድ አያስፈልገውም፤ መነሻ ካፒታሉ ሁለት እግርና አንድ ጥንድ ጫማ ነው። አቅርቦቱ አይነጥፍም። አንድ ሯጭ ዛሬ ኮንትራት አልፈርምም ብሎ ቢያኮርፍ ነገ ጠዋት በዚያው ዳገት ላይ ቦታውን የሚሸፍን ይገኛል። ኢኮኖሚስቶች እንደሚሉት የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚወሰነው በጥቅሙ ብቻ ሳይሆን በቀላሉ በመተካቱ ወይም ባለመተካቱ ጭምር ነው።

የዚህን አቅርቦት ጉልበት ለመረዳት አንድ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በላይነህ ዴንሳሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1988 በሮተርዳም 2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲይዝ ያ ሰዓት ከአሥር ዓመት በላይ አልተነካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 በቶኪዮ ለተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ለወንዶች ማራቶን የተቀመጠው ሚኒማ ደግሞ 2:06:30 ነው። የያኔው የዓለም አንደኛ ሰዓት ዛሬ ሚኒማ ለማምጣት 20 ሴኮንድ ይጎድለዋል ማለት ነው። ለውጡ የመጣው ደግሞ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በፍጥነት ነው። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሚኒማው 2:11:30 ነበር፤ ለፓሪስ ኦሊምፒክ 2:08:10 ሆነ፤ ከዚያ ወደ 2:06:30 ወረደ። ካርቦን የገባበት ጫማ በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። ጫማው ግን ለሁሉም ስለደረሰ ማንንም ከማንም አላስበለጠም፤ ያረከሰው ሰዓቱን ነው። በሌላ አነጋገር በሯጩ ገበያ ላይ የዋጋ ንረት ደርሷል፤ የትናንት 2 ሰዓት ከ8 የዛሬን 2 ሰዓት ከ6 ያህል ይገዛ ነበር።

በዚህ ላይ በኦሊምፒክም ሆነ በዓለም ሻምፒዮና አንድ አገር በማራቶን በመደበኛነት የሚያሰልፈው ሦስት ሰው ነው። ለሌላ አገር አንደኛ ሊሆን የሚችለው ኢትዮጵያዊ አራተኛ ሆኖ ቤቱ ይቀራል። አንዳንዱ አገር ቀይሮ ሮጧል። በትውልድ ስሟ ዘነበች ቶላ የነበረችው ማርያም ዩሱፍ ጀማል ለባሕሬን ሮጣ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009 በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ያ በር ግን ከ2018 ወዲህ ጠብቧል፤ ዜግነት የቀየረ አትሌት ለአዲሱ አገሩ ለመሮጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት መጠበቅ አለበት።

የአሥረኛው ሰው ኪስ

የሽልማቱ አከፋፈል ደግሞ ይህን ረድፍ የሚያይ ዓይን የለውም። የቦስተን ማራቶንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሳይ ለማ በ2:06:17 አንደኛ ወጥቶ 150,000 ዶላር ወሰደ። መሐመድ ኢሳ በ2:06:58 ሁለተኛ ሆኖ 75,000 ዶላር አገኘ። በሁለቱ መካከል ያለው 41 ሴኮንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሴኮንድ ከ1,800 ዶላር በላይ አውጥቷል። ሦስተኛው 40,000፣ አምስተኛው 18,000፣ አሥረኛው 5,500 ዶላር ነው። አንደኛው ከአሥረኛው 27 እጥፍ ያገኛል፤ የሮጡት ግን እኩል 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው።

አሥረኛው 5,500 ዶላሩን እንዳለ ወደ ኪሱ አይከትም። አሜሪካ ነዋሪ ካልሆነ ስፖርተኛ ገቢ ላይ 30 በመቶ ግብር ትይዛለች፤ ይህ 1,650 ዶላር ነው። ማናጀሩ እንደተለመደው 15 በመቶ ከጠቅላላው ላይ ቢወስድ 825 ዶላር ነው። የሚቀረው 3,025 ዶላር ይሆናል። የዶፒንግ ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ክፍያው ሊዘገይ ይችላል። አንድ ማራቶን ሯጭ ደግሞ በዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የሚሮጠው። በመሆኑም ይህ ገንዘብ የአምስት ስድስት ወር ላብ ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። ለታዋቂዎቹ በውድድሩ ላይ ስለተገኙ ብቻ የሚከፈለው ገንዘብ በምስጢር የሚያዝ ሲሆን ለሁለተኛው ረድፍ የሚደርሰው ከትርፍራፊው ነው። የጫማ ኩባንያዎቹም ቢሆኑ በውላቸው ውስጥ የሯጩ ደረጃ ሲወርድ ክፍያው የሚቀነስበት አንቀጽ ማስገባት ልማዳቸው ነው። ያለ ስፖንሰር የሚሮጠው ደግሞ 250 ዶላር ገደማ የሚያወጣውን የውድድር ጫማ ከኪሱ ይገዛል።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከለውጡ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ከ120 ብር አለፈ። ያ የአሥረኛው ሰው 3,025 ዶላር በፊት 172 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ በ120 ብር ሲመነዘር 363 ሺህ ብር ይሆናል። እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ ዶላር ላገኘው። ሁለተኛው ረድፍ ሯጭ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚበላው በብር ከሚከፈለው የክለብ ደመወዝ ነው። እንቁላሉ፣ የቤት ኪራዩ፣ የፊዚዮቴራፒ ሒሳቡና ጫማው ከዶላሩ ጋር ሲወጡ ደመወዙ አብሮ አልወጣም። ስለዚህ ከጋራው ወርዶ የትኛውም አገር፣ በየትኛውም ጉዳት ላይ ቢሆን፣ አንድ ዶላር ያለበትን ውድድር መሮጥ ይመርጣል። ክለቡ ከፍሎ ያቆየው ሰው ለክለቡ በሚፈለግበት ቀን ደክሞ የሚገኘው ከዚህ የተነሳ ነው። ሽልማቱ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ሲከማች ሌላም መዘዝ አለው፤ ከስድስተኛ ወደ ሁለተኛ ለመግባት የሚያጓጓው ገንዘብ በበዛ ቁጥር መርፌ የሚያቀርብ ሰው ደንበኛ አያጣም።

ኤድዋርድ ላዚርና ሸርዊን ሮዘን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጽሑፍ እንዲህ ያለው በደረጃ የሚከፈል ክፍያ ተወዳዳሪውን እንደሚያተጋ አሳይተዋል። እውነት ነው፤ እንጦጦ ላይ በሌሊት የሚያስነሳው ያ 150,000 ዶላር ነው። ንድፈ ሐሳቡ የማይመልሰው ግን አንድ ነገር አለ፤ ተሸናፊው እስከሚቀጥለው ውድድር ድረስ ማን ያበላዋል?

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ

በአሜሪካ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ያጨቃጭቃል፤ የሚነሳው ግን በሯጭ ላይ አይደለም። አሜሪካውያን እግር ኳስ በሚሉት፣ በእጅ በሚወረወረው ጨዋታ ቡድኑን የሚመራውና ኳሱን የሚያከፋፍለው ኳርተርባክ ይባላል። ሜዳ ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ቡድኖቹ 32 ናቸው፤ ሥራውን በቅጡ የሚችሉት ሰዎች ግን 32 አይሞሉም። ስለዚህ ጥሩ ነገር ግን ከምርጦቹ ያልሆነ ኳርተርባክ ያለው ቡድን አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል። ካልከፈለው ተተኪ አያገኝም፤ ከከፈለው ለሌሎቹ ተጫዋቾች የሚተርፍ ገንዘብ የለም፤ ምክንያቱም ሊጉ ለእያንዳንዱ ቡድን የደመወዝ ጣሪያ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ጣሪያው 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የኒውዮርክ ጃይንትስ ቡድን ዳንኤል ጆንስ ለተባለው ኳርተርባክ ከአንድ መልካም የውድድር ዘመን በኋላ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 የአራት ዓመት 160 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመለት። በኖቬምበር 2024 ደግሞ አሰናበተው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ነው።

የእኛም እግር ኳስ ከዚህ የራቀ አይደለም። ክለቦችና ፌዴሬሽኑ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ጥሩ ተጫዋች በጠፋበት ገበያ ላይ ጣሪያ ሲቀመጥ መካከለኛው ተጫዋች ጣሪያውን እንደ ወለል ቆጥሮ ይጠይቃል፤ ክለቡም ሌላ አማራጭ ስለሌለው ይሰጣል።

የእንጦጦው ሯጭ ዕድል የዚህ ተቃራኒ ነው። ኳርተርባኩ ተተኪ ስለሌለው ከሚገባው በላይ ይከፈለዋል፤ ሯጩ ተተኪው ስለበዛ ከሚገባው በታች ይከፈለዋል። ገበያው በሁለቱም ላይ የተናገረው ስለ ብርቅነት እንጂ ስለ ሥራቸው አይደለም። አንድ ክለብ ውል ሲያድስ ይህን ሁለት ነገር ካልለየ በአንዱ ወገን መክሰሩ አይቀርም።

ለክለቡ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ሁለተኛው ረድፍ ሯጭ ለክለቡ የሚሸጠው ሜዳሊያ አይደለም። ሜዳሊያ የሚያመጣው ኮከብ እንደ እውነቱ ከሆነ የክለቡ የሚሆነው በስም ነው። አሰልጣኙን ከማናጀሩ ጋር ሆኖ ይመርጣል፤ ካሌንደሩ የሚወጣው በበርሊን፣ በለንደንና በቺካጎ ውድድሮች ነው፤ የክለቡን ማልያ የሚለብሰው ከስንት አንዴ ነው። አገር አቋራጭ ላይ ደግሞ የቡድን ውጤት የሚሠራው የበርካታ ሯጮች ደረጃ ተደምሮ ነው። አንድ አንደኛና ሦስት ሃምሳኛ ያለው ክለብ ስምንተኛ፣ አሥረኛ፣ አሥራ ሁለተኛና አሥራ አምስተኛ ባስገባው ክለብ ይበለጣል። ዋንጫውን ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚወስዱት እነዚያ ስማቸው የማይታወቀው ናቸው።

ሌላም አለ። ሰንዳፋ መንገድ ላይ 35 ኪሎ ሜትር በውድድር ፍጥነት ብቻውን የሚሮጥ ሰው የለም። ኮከቡ 2 ሰዓት ከ3 እንዲሮጥ 2 ሰዓት ከ6 የሚሮጡ አራት አምስት ሰዎች እስከ 25ኛው፣ እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ነፋሱን እየከፈሉለት አብረውት መሄድ አለባቸው። በውድድሩም ቀን እንዲሁ ነው፤ አሯሯጩ ክብረ ወሰኑ ሲሰበር መንገድ ዳር ቆሞ ነው የሚያየው። የአሯሯጭ ክፍያ በውጭ በውል የታወቀ ሥራ ነው፤ እስከዚህ ኪሎ ሜትር፣ በዚህ ፍጥነት ተብሎ ይፈረማል። አገር ቤት በልምምድ ላይ ለሚሠራው ተመሳሳይ ሥራ ግን የተለየ ዋጋ የወጣለት የለም። ከሁሉ የሚያስገርመው ይህ ነው፤ የኮከቡ ሰዓት ውስጥ የሌሎች አምስት ሰዎች ጉልበት አለበት፤ ሽልማቱ ውስጥ ግን የሉበትም።

የቀድሞው ሥርዓት ለዚህ የራሱ መልስ ነበረው። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ የክቡር ዘበኛ ባልደረቦች ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ ከማረሚያ ቤቶች ክለብ ነው የወጣችው። የወታደር፣ የፖሊስና የማረሚያ ቤት ክለቦች ሯጩን የሚይዙት በማዕረግና በቋሚ ሥራ ነበር። ሩጫው ቢቀር ማዕረጉ አለ፤ ጡረታም አለ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ መድኑ ግን ትልቅ ነበር። ዛሬ በዓመት ኮንትራት የሚሮጠው ወጣት ቋንጃው የተቀነጠሰ ቀን ያ መድን የለውም።

ታዲያ ይከፈለው? አዎን፤ ነገር ግን ባለፈው ዓመት ሰዓቱ ሳይሆን በሥራው ይከፈለው። ባለፈው ዓመት የሮጠውን ሰዓት መግዛት ጃይንትስ የሠራውን መድገም ነው። የሚያዋጣው ለሁለት ዓመት የተረጋገጠ፣ ምግብና ኪራይ የሚሸፍን፣ ጉዳት ሲደርስ የማይቋረጥ መጠነኛ ደመወዝ መስጠት፣ ለአሯሯጭነቱና ለቡድን ነጥቡ ደግሞ ለየብቻው መክፈል ነው። የኮከቡ ደመወዝ ላይ ከሚጨመረው ተቀንሶ እንኳ ቢሆን ይህ ይቻላል፤ ኮከቡ በአንድ ውድድር ከሚያገኘው አንጻር የክለቡ ጭማሪ ለእሱ ኢምንት ነው።

ክለቡስ በምላሹ ምን ያገኛል? በእግር ኳስ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሸጥ ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች እንዲከፋፈል የፊፋ ደንብ ያዝዛል። በአትሌቲክስ ይህን የሚመስል ዓለም አቀፍ ደንብ የለም። ክለቡ ሰባት ዓመት ያበላው ልጅ አንድ ቀን ጠዋት የውጭ ማናጀርና የጫማ ኩባንያ ቢፈራረሙት ለክለቡ ካዝና በደንብ የሚመጣ ነገር የለም። ስለዚህ ክለቦች በራሳቸው ውል ውስጥ ሊያስገቡት ይገባል፤ ሯጩ ከተወሰነ መጠን በላይ ሽልማት ያገኘ እንደሆነ ለተወሰኑ ዓመታት ትንሽ መቶኛ ለወጣቶች ማሰልጠኛ ይመልስ። ያኔ ለመካከለኛው ሯጭ የሚከፈለው ደመወዝ ችሮታ መሆኑ ቀርቶ ለወደፊት የተያዘ መብት ይሆናል። እንዲህ ያለ መብት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ያልፋል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ከሃያ ሰው አንዱ ቢሳካለት ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ርካሽ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

የትኛው እንደሚሳካለት መተንበይ ግን መራጮችንም ያስቸግራል። ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ2022 የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀር ሲሳይ ለማ በመጎዳቱ ተተካ፤ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ።

ከዚህም የባሰው የበጀት ካሌንደሩ ነው። የመንግሥት በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ትልልቆቹ የበርሊን፣ የቺካጎና የቫሌንሲያ ማራቶኖች የሚካሄዱት ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ የሚባለው እንግዲህ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ትዕግስት አሰፋ የሪዮ ኦሊምፒክ የ800 ሜትር ተወዳዳሪ ነበረች፤ ማጣሪያውን አላለፈችም። ጉዳት ከመካከለኛው ርቀት ካራቃት በኋላ ወደ ጎዳና ወጣች። መስከረም 15 ቀን 2015 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2:15:37 ገባች፤ በዓመቱ እዚያው 2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. የበጀት ዓመት መዝጊያ ሰኔ 30 ላይ ከስሟ ጎን የነበረው ብቸኛ የማራቶን ሰዓት በሪያድ የሮጠችው 2:34:01 ነበር።